ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

ደጊቱን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር አይስተውም፤ ከነፋስ ጋር ጠበኛ ናት። ጠብ ስላችሁ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። እሷ እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ ቆሰበር እያለች በምትጠራት በእንጅባራ ከተማ ታኅሣሥ ሲገባ፣ ውርጩ የጓሮውን ጎመን ሲያጠወልግና ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ፣ ሌላው ሰው ይኮማተራል፤ እሷ ግን ትዘምታለች። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ትወትፋለች፤ የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃ ትመርጋለች። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው መስኮት ከከፈተ፣ ሹም ነው ቄስ ነው ሳትል፣ እጇን ዘርግታ ትዘጋበታለች። "አንተ ጎረምሳ ነህ፣ ትችለዋለህ፤ እኔን ግን ለማን አስታቅፈኸኝ ልትወርድ ነው?" ትላለች፣ ሰውዬው የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ቢሆንም። ተሳፋሪው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ያላወቀ ቢስቅ አልፈርድበትም። ነገሩ የቆየ ነው። ደጊቱ ግምጃ ቤት ከሚባል አገር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ይሄነው የሚባል የቀርከሃ ሠራተኛ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን፣ ወንድ ልጅ፣ እዚያው ወለደች። ልጁ ክርስትና ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ቀጥሎ ሰውነቱ ተኮሰ፤ ትንፋሹም ሲር ሲር ይል ጀመር። አቅፋው ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ መንገድ ላይ ጸጥ አለ። ጎረቤቱ ሁሉ "ብርድ መታው" አለ። ደጊቱ ያን ለት ጠዋት እህል ልታሰጣ ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ነበር። ማንም አልወቀሳትም። እሷ ግን ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት ወደ እንጅባራ መጡ። ይሄነው ከአስፋልቱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ እየሠራ ይሸጥ ጀመር፤ ደጊቱም መሰንጠቁንና ማያያዙን ከሱ ተማረች። ሴት ልጃቸው ፋና በተወለደች ለት ይሄነው የሚስቱ ጭንቀት ሳትነግረው ገባውና፣ የጓዳውን መስኮት መዝጊያ በረጃጅም ሚስማር ከመቃኑ ጋር ቸነከረው። ፋና እዚያ ጓዳ ውስጥ አደገች፣ እዚያው አጠናች፣ አባቷ ሲሞትም እዚያው ተጠቅልላ አለቀሰች። መስኮቱ አንድም ቀን አልተከፈተም። እሷም መስኮት መሆኑን ረስታው፣ ልብሷን ትሰቅልበት ነበር።

ፋና ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንፃ ንድፍ ተማረች። ስትጨርስ እንደ ጓደኞቿ አዲስ አበባ አልሄደችም፤ "እዚሁ ቤቴ ሆኜ እሠራለሁ" አለችና ኮምፒውተር አስመጣች። የሕፃን አልጋ የሚያህል ካርቶን ነበር የመጣው። ከውስጡ ጥቁር ሳጥን ወጣ፤ ከፊቱ ሲዞሩ ቀይና ሰማያዊ የሚያበሩ ማራገቢያዎች አሉት። የፋና ሥራ ገና ያልተሠራ ቤት መሳል ነው። መሠረቱ እንኳ ያልተቆፈረ ሆቴል እሷ ስትስለው በሩን ከፍተው የሚገቡበት ይመስላል፤ የወንበሩ ጥላ ሳይቀር ወለሉ ላይ ያርፋል። ያንን ሁሉ ብርሃንና ጥላ የሚያሰላው ሳጥኑ ውስጥ ያለ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነገር ነው። ደጊቱ ስሙን መያዝ አልሆነላትም። "ያ ደከመኝ የማያውቀው" ትለዋለች።

ሳጥኑ ከአልጋውና ከግድግዳው መካከል፣ ጥጉ ውስጥ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባው ከግድግዳው ተጣብቆ። በዚያ ቤት ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ሶፋውም ዳንቴል ሳይለብስ አያድርም፤ ደጊቱም በማግስቱ አንድ ነጭ ዳንቴል አጥባ ተኩሳ ሳጥኑን አለበሰችው። ፋና ሳቀች።

"እማ፣ ይሄ ሶፋ አይደለም፤ አይለብስም" ብላ አነሳችው።

ለምን እንደማይለብስ ግን አልነገረቻትም። እኔን ከጠየቃችሁ የጥፋቱ እኩሌታ እዚህ ላይ ነው። የተማረ ልጅ እናቱን "ተይ" ይላታል እንጂ "ምክንያቱም" አይላትም። ደጊቱ መልክ አልሰጠም ማለቷ ነው ብላ ዳንቴሏን አጣጥፋ አስቀመጠች። ትንሽም ከፍቷታል።

አንድ ቀን አቶ አየነው የሚባሉ የዳንግላ ሰው ለፋና ደወሉላት። ከሸሪኮቻቸው ጋር ሆቴል ሊሠሩ ነው። "እኔ ወረቀት ላይ ያለ መስመር አይገባኝም፤ ሸሪኮቼም እንደኔው ናቸው" አሏት። "ሰው በሩን ገብቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ሰገነቱ ላይ ቆሞ እንደሚያይ አድርገሽ በፊልም አሳዪን። ስብሰባችን ላይ ከወደዱት የሕንፃው ሥራ በሙሉ ካንቺ ጋር ነው።" በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባም አንድ ድርጅት ነይ ተቀጠሪ ብሏት ነበር።

ፋና ነገሩን ለእናቷ ሳትሸፋፍን ነገረቻት። "ይሄ ፊልም ከተሳካ እዚሁ ካንቺ ጋር እቀራለሁ። ካልተሳካ ግን፣ እማ፣ ከጥምቀት በኋላ እሄዳለሁ። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም።"

"እንዳልሽ" አለች ደጊቱ። ያቺ ልጅ ከሄደች እዚያ ቤት ውስጥ ከሷና ከቀርከሃው በቀር የሚቀር ነገር የለም።

ሰኞ ጠዋት ፋና ፊልሙን አስጀመረች። ኮምፒውተሩ ስዕሉን አንድ በአንድ እያሰላ ቀኑን ሙሉ መሥራት አለበት፤ እሷ ደግሞ የሆቴሉን ቦታ ለማየት ዳንግላ መሄድ ነበረባት። "እንዳትነኪው እሺ?" ብላ ወጣች። ደጊቱ ደጅ ቀርከሃ ስትሰነጥቅ ቆይታ ለምሳ ስትገባ ከጓዳው ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ንብ የገባ መሰላት። ድምፁ ከፍ አለ። ቀጥሎ አንዱ ማራገቢያ ሲር ሲር ይል ጀመር፣ እየቆረጠ፣ እየቀጠለ።

ደጊቱ ምሳውን ትታ ወደ ጓዳው ገባች። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች።

ብረት መሆኑ ጠፍቷት አይደለም፤ ደጊቱ ጅል አይደለችም። ግን ያን ዓይነት ደረት አንድ ጊዜ አቅፎ የሮጠ ሰው፣ ብረት ነው ሥጋ ነው ብሎ አይመራመርም። ተንበርክካ እጇን ወደ ሳጥኑ ፊት አስጠጋች። ቀዝቃዛ ነፋስ በጣቶቿ መሐል ሾልኮ ወደ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። በቃ። ነፋስ ገብቶበታል። ሲጨንቃት አፏ የሚቀናው የትውልድ ቀዬዋ ቋንቋ አውኚ ነውና፣ በአውኚ እያባበለችው፣ የይሄነውን ወፍራም ጋቢ ከልብስ ሣጥን አውጥታ ከአናቱ እስከ እግሩ ጠቀለለችው። ድምፁ ታፈነ። ጥቂት ቆይቶ መብራቶቹም ጠፉ፣ ጸጥ አለ። "ተኛ" አለች ደጊቱ፣ ላቧን እየጠረገች። ከልቧ ደስ አላት።

የግቢው በር ሲንቋቋ ጊዜ ግን ያ "ሶፋ አይደለም" የሚለው ሳቅ ትዝ አላትና ጋቢውን ገፍፋ ወደ ቦታው መለሰችው።

ፋና ገብታ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ አገኘችው። "መብራት ሄዶ ነበር?"

"አልሄደም።"

"ታዲያ ይሄ መቼ ጠፋ?"

"ከምሳ በኋላ ዝም አለ። ደክሞት ይሆናል" አለች ደጊቱ። እንዲያው ለነገሩ አልዋሸችም።

ፋና እንደገና አስነሳችው። እሷ አጠገቡ ስትቀመጥ እየጮኸም ቢሆን ይሠራል፤ ወጣ ስትል ይጠፋል። "ይሄ ነገር እኔ ስወጣ ነው የሚያምፀው" አለች በሦስተኛው ቀን፣ እንባ እየተናነቃት። ማሽኑ የመዘገበውን አየች። "ሙቀቱ ከዘጠና ዲግሪ በላይ ወጥቶ ነው የጠፋው፣ እማ። ውጪው ውርጭ ነው፤ እሱ ይግላል። ካርዱ ሊሞት ነው መሰለኝ።"

እዚህ ላይ ጉዱ ባሰ። ደጊቱ "ይግላል" የሚለውን ሰማች። ልጇም እንዲሁ ነበር፤ ብርድ መታው፣ ከዚያ ተኮሰ። ለተኮሰ ልጅ ምን እንደሚደረግ ደግሞ እሷ ባደገችበት ቀዬ የማያውቅ የለም፤ ይለብሳል፣ ነፋስ አያገኘውም። ለጊዮርጊስ ጧፍ ተሳለች። በማግስቱ ፋና ደንበኞች ልታነጋግር ስትወጣ ጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደረበችበት። ልጇን እዚህ ያስቀርላት የነበረውን ነገር፣ ልጇ እንዳትሄድባት ብላ፣ በገዛ እጇ አፈነችው። እኔ ይህን ስናገር እንኳ ይከፋኛል።

ያን ቀን ፋና ስትመለስ ኮምፒውተሩ አልነሳም ብሎ ብዙ አስለመናት። ሲነሳም አላመነችውም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ "ለአዲስ አበባዎቹ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ ብለሽ ቁጠሪው" አለች። ከዚያ ተስፋ ባይኖራትም ለሽመክት ደወለች። ሽመክት መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ አብሯት የተማረ ልጅ ነው። በማግስቱ ጠዋት መሣሪያውን ይዞ በባጃጅ መጣ።

ደጊቱ በር ላይ ቆማ አየችው። ሳጥኑን ከጥጉ ጎትቶ ጎኑን ሲከፍተው የታመመ ሰው ልብስ ሲያወልቁ እንደማየት ሆኖባት ፊቷን አዞረች። ሽመክት ግራፊክስ ካርዱን ነቅሎ ወደ ብርሃን አቀረበው። ከማራገቢያዎቹ ክንፍ ላይ በጣቱ አንድ ነጭ ነገር መዘዘ፤ ተከትሎ ሌላ ወጣ።

"ይሄ አቧራ አይደለም" አለ። "ጥጥ ነው። ከየት ነው ይሄ ሁሉ ጥጥ የመጣው?"

ፋና ትከሻዋን ነቀነቀች።

ሽመክት ጥጡን በመርፌና በብሩሽ ለቅሞ፣ በካርዱና በማቀዝቀዣ ብረቱ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባበት። መልሶ ገጠመው፤ ጀርባው ከግድግዳው እንዲርቅ ሳጥኑን አዞረና አስነሳው። ማራገቢያዎቹ መጮህ ጀመሩ።

"እየታመመ ነው" አለች ደጊቱ፣ ሳታስበው።

"ኧረ አይደለም፣ እትዬ ደጊቱ" አለ ሽመክት። "ይሄ ጩኸት ራሱን ሲያቀዘቅዝ ነው። ይኼውልዎት፣ በፊቱ ቀዝቃዛውን አየር ይስባል፣ በጀርባው የጋለውን ይተፋል። እስትንፋሱ ነው። መጮሁን ሲያቆም ነው የሚያሳስበው።"

"ቢሸፍኑትስ?" አለች ደጊቱ።

ሽመክት ሳቀ። "ማን ይሸፍነዋል? እርስዎ አፍዎ ላይ ትራስ ቢጭኑብዎት በምን ይተነፍሳሉ? ይታፈናል። እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል።"

ደጊቱ ወጣች። ስትመለስ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ይዛ ነበር፤ ሁለቱንም አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው። "ጥጡ የዚህ ነው" አለች። "ስትወጪ አለብሰዋለሁ፤ ስትመጪ አነሳለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሽመክት የጠፋበት ብሎን ያለ ይመስል አጎንብሶ ወለሉን መፈለግ ጀመረ። ፋና እናቷን ዐይን ዐይኗን አየቻት። ቆሽቷ አሯል። "አይለብስም ብዬሽ የለም?"

"አይለብስም አልሽኝ። ለምን እንደማይለብስ መቼ ነገርሽኝ?"

"ሳምንቱን ሙሉ ሳለቅስ እያየሽኝ? እንድሄድልሽ ፈልገሽ ነው እማ?"

ይህን ጊዜ ደጊቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፋና ወንድም እንደነበራት ታውቃለች፤ ሕፃን ሆኖ ሞተ፣ ከዚያ በላይ የነገራት አልነበረም። ደጊቱ ነገረቻት። ስለ በሩ ነገረቻት። ስለ ሲር ሲርታውና ስለ ትኩሳቱ፣ መንገድ ላይ ድምፁ ሲቆም "ተኛልኝ" ብላ እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር ነገረቻት። ይህን ለይሄነው እንኳ ተናግራው አታውቅም። "ያ ዕቃ እንደዚያ ሲያፏጭ ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም" አለች።

ፋና ቁጣዋ የት እንደገባ እሷም አላወቀችውም። ተነስታ የእናቷን እጅ ያዘችና ወደ ሳጥኑ ጀርባ አስጠጋችው። ሞቅ ያለ አየር የደጊቱን መዳፍ መታው፣ ሳያቋርጥ፣ ሳያቃስት። ደጊቱ እስከ ዛሬ እጇን ያስጠጋችው ከፊቱ ብቻ ነበር። ለረጅም ጊዜ እጇን አላነሳችም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ፊልሙን ሲያስጀምሩት ሙቀቱ ከዘጠና ወረደ እንጂ ሰማንያዎቹ ላይ ተገትሮ ቀረ። ሽመክት የካርዱን ኃይል ትንሽ በልጓም ያዝ አደረገለት፤ ጥቂት ወረደና መልሶ ወጣ። "ክፍሉ ራሱ ጋለ" አለ። "የተፋውን ሙቅ አየር መልሶ ይስበዋል። ከመሬት ከፍ ማለት አለበት፤ ለአየሩም መውጫ ያስፈልገዋል።" ዐይኑ ልብስ ወደተሰቀለበት መስኮት ሄደ፣ ሚስማሮቹን አየ፣ ደጊቱን አየ፣ ወሬውንም እዚያው ተወው።

"ግዴለም" አለች ፋና ቶሎ ብላ። "በሩን ከፍተን እንሞክራለን።"

ደጊቱ የይሄነውን መዶሻና ጉጠት ይዛ መጣች። ልብሱን አወረደች። የመጀመሪያው ሚስማር ዝጎ አልነቀል አላት፤ ሽመክት ሊረዳት ሲል በእጇ ከለከለችው። ይሄነው የመታውን እሷ ነቀለችው፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። የመጨረሻው ሲወጣ መዝጊያው እያቃሰተ ተከፈተና የታኅሣሥ ነፋስ ከነውርጩ ዘው ብሎ ገባ። ከመስኮቱ ጀርባ ይሄነው ፋና በተወለደችበት ዓመት የተከለው ቀርከሃ ነበር፤ አሁን ጥቅጥቅ ብሎ ጣራውን አልፏል፣ ነፋሱም ያወዛውዘዋል። ፋና ከዚያ ክፍል ሆና አይታው አታውቅም። መስኮቱ ላይ ተደግፋ ቆማ ቀረች።

"ሰባ አምስት" አለ ሽመክት ከኋላቸው። ትንሽ ቆይቶ፣ "ሰባ። አሁንም እየወረደ ነው።"

የቆሰበር ብርድ፣ ደጊቱ ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘጋበት የኖረችው፣ ማንም ሳይለምነው የልጇን ሥራ ሲሠራላት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ደጊቱ ደጅ ወጥታ ቀርከሃ ሰነጠቀች፤ እግሩ አጠር ያለ፣ ወለሉ ክፍት ክፍት ያለ ማስቀመጫ ሠራችና ሳጥኑን ከመሬት አንስተው እዚያ ላይ አወጡት። ሙቀቱ ስልሳዎቹ ውስጥ ገባና ረጋ። ፋና ካፖርት ለብሳ፣ ጣቶቿን እያፍታታች ሠራች። አንድም ጊዜ አልጠፋባትም። ፊልሙ ከስብሰባው በፊት አለቀ። ደጊቱ በስክሪኑ የዚያን ሆቴል ደረጃ ወጥታ ሰገነቱ ላይ ስትደርስ፣ "መስኮት አብዝተሽበታል" አለች። ሁለቱም ሳቁ።

በስብሰባው ቀን ፋና ፊልሙን ይዛ ወደ ዳንግላ ስትሄድ፣ አቶ አየነው የጠየቁት የክፍሎቹ ስዕል ገና ስለቀረ ኮምፒውተሩን በሥራ ላይ ትታው ወጣች። በዚህ ጊዜ እንዳትነኪው አላለችም። ደጊቱ ወንበሯን ጓዳ አስገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ሲቃረብ ማራገቢያዎቹ ጮሁ፤ ያቺም አንዷ ሲር ሲር ማለት ጀመረች። ደጊቱ እጇ ሳታዝዘው ወደ ጋቢው ሄደ፣ ጨብጦም አነሳው። ከዚያ ጋቢውን ራሷ ተከናነበችና ሌላኛውን መዳፏን ከሳጥኑ ጀርባ አስቀመጠች። ሞቃቱ አየር ይመጣል። ደረቱ እያፏጨም ይተነፍሳል። "ተንፍስ፣ ልጄ" አለችው በአውኚ። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ስልኳ ጮኸ። ፋና ናት፤ ከኋላዋ የሰዎች ሁካታ ይሰማል።

"እማ፣ ወደዱት። ሥራውን ሰጡኝ። ለአዲስ አበባዎቹም አልመጣም ብያቸዋለሁ።"

ፋና የእናቷን ድምፅ ስታጣ ጊዜ፣ "እማ? ምነው፣ ጠፋ እንዴ?" አለች።

"አልጠፋም፤ እየጮኸ ነው።"

"መስኮቱስ?"

"ክፍት ነው።"

"አንቺስ፣ አልበረደሽም?"

"በርዶኛል" አለች ደጊቱ። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ተነሳችና፣ ነፋሱ ገርበብ ያደረገውን መዝጊያ ገፍታ እስከ ዳር ከፈተችው።